የድፍረት ምሽት፦ አንድ ፊልም፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ የእግድ ትእዛዝ

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ብሔራዊ ቴአትር በእንግዳ ተሞልቷል። የሚታየው በአሜሪካና በጀርመን ሽልማት አግኝቶ የተመለሰ "ድፍረት" የተባለ የአማርኛ ፊልም ነው። ሰው ተቀምጦ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ መድረክ ላይ ወጣ። ፖሊስ መጥቷል፤ ፊልሙ እንዳይታይ የፍርድ ቤት እግድ አለ። እንግዳው ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያ ሰሞን የብዙ ሰው የመጀመሪያ ግምት "መንግሥት ከለከለ" የሚል ነበር። እንዲህ ብሎ ማሰብ ለምዶብናል። እግዱን የጠየቀችው ግን አንዲት ሴት ነበረች። ፊልሙ የሚተርከው እሷ በ14 ዓመቷ የደረሰባትን ነው። ታሪኬን ያለፈቃዴ ሠሩት ነው ያለችው።

ሲኒማ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለሕዝብ ሲያሳይ ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል? ይህን ለማየት ከ"ድፍረት" የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ፊልሙን እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች የምለው አንዳንድ ነገር ጥላቻ እንዳይመስል።

ታሪኩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ገጠር ነው። ልጅቷ ተማሪ ነች። ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ቤት ዘጋባትና ደፈራት። ኋላ መሣሪያውን አንስታ አመለጠች። ተከታተሏት። ተኮሰች። ጠላፊው ሞተ። ፖሊስ ያዛት፣ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይቆም ነበር። የዚችንም ልጅ ጉዳይ ያዘ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች።

አሁን ሲነገር ቀላል ይመስላል። ተጠልፋለች፣ ተደፍራለች፣ ተኩሳለች፤ ምኑ ያከራክራል? ያከራከረው ስሙ ነው። ያ ሰው ለልጅቷ ምኗ ነበር? በአካባቢው ዓይን ባል ነው፣ ወይም ባል ለመሆን መንገድ የጀመረ ሰው። መንገዱ ደግሞ ይታወቃል። ጠለፋ ይፈጸማል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል። የልጅቷ ቤተሰብ "ከእንግዲህ ማን ያገባታል" ብሎ እያረረ ይስማማል። በኦሮምኛ ቡታ ይሉታል። ስሙ በየቋንቋው ይለያይ እንጂ ነገሩ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ይታወቃል። በዚህ ዓይን ካየኸው ልጅቷ ባሏን የገደለች ሚስት ናት። በሌላው ዓይን ካየኸው ደግሞ አንድ ጎልማሳ በአንዲት ሕፃን ላይ ጥቃት ፈጽሟል፣ ሕፃኗም ነፍሷን አድናለች። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት።

ሕጉ ራሱ ያኔ በሁለቱ መሀል ይዋልል ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የዚያ ሕግ ትልቁ ጉድ ሌላ ነው። ጠላፊውና የተጠለፈችው በሕግ ከተጋቡ ክሱ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ እንዲያ የሚሯሯጡት ለዕርቅ ብቻ እንዳልነበር እዚህ ላይ ይገባሃል፤ ጋብቻው ለወንጀሉ ማጠቢያ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር። ከ14 እስከ 15 ስንት ወር ነው? በገጠር የልደት የምስክር ወረቀት ይዞ የሚቆጥርልህ ማንም አልነበረም።

ስለዚህ የጉዳዩ ጭብጥ አንዲት ልጅ ሰው መግደሏ ወይም አለመግደሏ ብቻ አልነበረም። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት "ጋብቻ" የሚል ልብስ ለብሶ እንዴት እንደሚያልፍ ነበር። ፊልሙ ትልቁን ሥራ የሠራው ይህን ልብስ በማውለቅ ይመስለኛል።

እንዴት አወለቀው?

መጀመሪያ ልጅቷን ልጅ አድርጎ ያሳየናል። ፊልሙ ውስጥ ስሟ ሒሩት ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ በሜዳው ስትሄድ እናያታለን። ትዝታ ሃገሬ ናት የምትጫወታት፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። ፊቷ የልጅ ነው፣ አካሄዷ የልጅ ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። ብዙ ፊልሞች የ14 ዓመት ልጅን ገጸ ባሕርይ ለ20 ዓመት ተዋናይ ይሰጣሉ። ተመልካች የሚያየው ወጣት ሴት ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥም "የደረሰች" የሚለው ቃል ሳያስበው ይገባል። ጠላፊዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ደርሳለች። "ድፍረት" ተመልካቹን ይህን ማምለጫ ነፈገው። ፈረሰኞቹ ሲከቧት የምታየው ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሙሉ ሰዎችንና መሬት ላይ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ "ጋብቻ" የሚለው ቃል አፍ ውስጥ ይጎረብጣል።

ሁለተኛው ነገር ካሜራው ጥቃቱ ላይ አይዘገይም። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። የሕፃን መደፈርን ዘርዝሮ የሚያሳይ ፊልም "እውነታውን ለማጋለጥ ነው" ቢልም አላምነውም። ተመልካቹን ምስክር አደርጋለሁ ብሎ በቀዳዳ የሚያጮልቅ ያደርገዋል። የተጫወተችው ልጅም አለች፤ ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ቤቷ የምትሄድ፣ ክፍል ጓደኞቿ ፊልሙን የሚያዩባት። "ድፍረት" ላይ የሚቀርብህ ነገር የቀጣዩ ቀን ፊቷ ነው። የሰው ድምፅ ስትሰማ መሸማቀቋ ነው። ይህ በቂ ነው። እንዲያውም ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ጠላፊውን ጭራቅ አላደረገውም። ሰውየው ያደረገውን የባል ወግ አድርጎ ነው የሚያየው። መጥፎ ሥራ እየሠራ መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹም ዛፍ ሥር ሲቀመጡ መሳቂያ አይደሉም። በሥርዓት ይናገራሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይደማመጣሉ። እንዲህ ያማረ ሥርዓት ውስጥ አንዲት ልጅ እንዴት እንደምትጠፋ ታያለህ። ሽምግልናን የምንወድ ሰዎች ነን፤ ፊልሙ የምንወደውን ነገር ሳይሰድብ ቀዳዳውን አሳየን። አጥፊውን ቀንድ አውጥቶ ቢስልልን ኖሮ ሁላችንም "እኔ እንደሱ አይደለሁም" ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። ልጆችን የሚያጠቃው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ ቡና ላይ የሚጠራ ሰው ነው። ሲኒማ ይህን ካላስተማረ ስለ ጭራቅ ቢያስተምር ምን ዋጋ አለው?

የፊልሙ ርዕስስ? ለውጭ ሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ነው። ድፍረት ጀግንነት ነው። መድፈር ግን መድፈር ነው፤ ተደፈረች ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሥር፣ ሁለት ፍሬ። እሱ ደፈራት፣ እሷ ደፈረች። አማርኛ ይህን ቃል የሰጠን ማንን ለማወቅ ብሎ እንደሆነ እንጃ። ፊልሙ ግን ቃሉን ከጠላፊው ነጥቆ ለልጅቷ ሰጣት።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ፊልሙ ግማሽ ከመሆኑ በፊት መሀሉን ጠበቃዋ መዓዛ ትይዘዋለች። ሜሮን ጌትነት ናት የምትጫወታት፤ ጥሩ አድርጋ ሠርታዋለች። ግን ከዚያ በኋላ ዓለሙን የምናየው በጠበቃዋ ዓይን ነው። ቢሮ፣ ስልክ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፖሊስ ጣቢያ። ሒሩት የምትጠበቅ፣ የምትጓጓዝ፣ የምትደበቅ ልጅ ትሆናለች። ስለ ሕፃናት ጥቃት በሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ ይህ በሽታ አለ። ልጁ ጉዳይ ይሆናል፣ አዋቂው ሰው ይሆናል። ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ፣ አስተማሪ፣ መርማሪ፤ የሚያስበው፣ የሚጠራጠረው፣ የሚለወጠው እሱ ነው። እርግጥ "ድፍረት" አንድ ነገር ያድነዋል። ሒሩትን ከጠላፊው ያስመለጣት ማንም አይደለም፤ ራሷ ናት። ጠበቃዋ ያዳነቻት ከሕጉ ነው። ይህ ልዩነት በፊልሙ ውስጥ አለ፣ ግን ደብዝዟል።

አመጣጡንም ካየህ አይገርምም። ዳይሬክተሩ ወደ ታሪኩ የገባው በጠበቃዋ በኩል ነው፤ ወንድሟ ስለ ሥራዋ ነግሮት። ፊልሙ ከዚያ ወገን ተነሳ። ልጅቷ ያኔ የት ነበረች? ፍርድ ቤት ነፃ ብሏት ነበር። የአካባቢዋ ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወስነውባታል። ፊልሙ በድል ያልቃል፣ የእሷ ኑሮ ግን በስደት ቀጠለ። ፊልም የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት፣ ይገባኛል። ነገር ግን ስለ ሕፃናት ጥቃት ስንማር ከሁሉ የምንዘለው ክፍል ይኼ ነው፤ ከፍርዱ በኋላ ያለው 20 ዓመት። ጉዳዩ በ1999 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ቀርቦ ነበር። ያኔም ሰው አየ፣ አዘነ፣ አለፈ።

እንግዲህ ፊልሙ በጥር 2006 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል፣ በየካቲት በበርሊኑ የተመልካቾች ሽልማት ወሰደ። ሁለቱም ሽልማቶች ተመልካቹ በድምፁ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ዳኞች አይደሉም። አንጀሊና ጆሊም ዋና ፕሮዲውሰር ሆና ስሟን ሰጠችው። ለኦስካር የኢትዮጵያ ዕጩ ሆኖ ቀረበ። በዚህ ሁሉ ስሟ ተቀይሮ በየአገሩ የዞረችው ሴት አንድ ነገር ጠየቀች፤ እኔንስ ማን ጠየቀኝ?

አዘጋጆቹ የጠበቃዋን ታሪክ እንደሠሩ፣ የልጅቷንም ስም እንደቀየሩ መናገር ይችላሉ። ሕጉም ብዙ አይከለክላቸውም። የቅጅ መብት የሚጠብቀው ድርሰትን ነው፤ የኖርከው ሕይወት በራሱ ድርሰት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፎቶህ ያለፈቃድህ አደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል። በተዋናይ ፊት የሚታይ ሕይወትህን ግን እንዲያ በግልጽ አይሸፍነውም። በፍርድ ቤት በተከፈተ መዝገብ ላይ ያለ፣ ጋዜጣ የጻፈው ታሪክ የሕዝብ ነው የሚል ክርክርም ውኃ ያነሳል።

እኔ ግን ነገሩን ከሕግ ውጭ አየዋለሁ። የጥቃት ዋናው ባሕርይ ምንድን ነው? ስለ ራስህ የሚወሰነውን አንተ አለመወሰንህ ነው። ሳትጠየቅ ትወሰዳለህ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንተ የለህበትም። አባትህ ይስማማል፣ አንተ የለህበትም። ስለዚህ ጉዳይ ፊልም የሚሠራ ሰው ከማንም በላይ ይህን ማወቅ አለበት። ፈቃድ መጠየቅ የውል ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው የራሱን ፊልም በደንብ አላየውም። በእኔ ግምት ፊልሙ ክፉ አስቦ አላደረገውም። ልጅቷን ልጅ አድርጎ ከመቅረጽ ብዛት ዛሬ ትልቅ ሴት መሆኗን የረሳ ይመስለኛል።

እግዱ ብዙም አልቆየም። ተነሣ፣ ፊልሙም አዲስ አበባ ታየ፣ ሰልፍ ተይዞ ታየ።

ታዲያ ምን ለወጠ? እዚህ ላይ በጣም የሚወደድ አባባል አለ፤ "ፊልሙ ሕግ አስለወጠ" የሚል። አላስለወጠም። የቀን ቅደም ተከተሉን ተመልከት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ፆታ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። አንቀጽ 587 ሴትን መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል ይላል፤ መድፈር ካለበት ያም ለብቻው ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ጋብቻ ወንጀሉን አያጥብም። ይህ ሁሉ ሲሆን "ድፍረት" ገና አልተቀረጸም። ያን የለወጡት ማኅበሩ፣ የዚች ልጅና የመሰሎቿ መዝገቦች፣ እንዲሁም በየስብሰባው እየተነሡ የጮኹ ሴቶች ናቸው። ፊልም የደረሰው ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ያ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጣል። ሰው የሚኖረው በሚያውቀው ነገር ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲወጣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 58 በመቶ የሚሆኑት ያገቡት 18 ሳይሞላቸው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያገቡት ከአዲሱ ሕግ በፊት ነው፣ ልክ ነው። ግን እነዚህ ሴቶች ዛሬ እናቶች ናቸው። እነሱ ላይ የሆነው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ማን ነገራቸው? ፊልም እዚህ ይገባል። ከሲኒማ ወጥተው "የእኔም እንዲሁ ነበር" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቃሉን ያገኙት ዛሬ ነው።

ችግሩ ማን አየው የሚለው ነው። ሲኒማ ቤቶቻችን ከተማ ውስጥ ናቸው። ጠለፋው ያለው ገጠር ነው። ፊልሙ በአማርኛ ነው፤ የአርሲ ገጠር ግን በአብዛኛው በኦሮምኛ ነው የሚኖረው። ስለዚህ "የሕዝብ ግንዛቤ" ስንል የየትኛው ሕዝብ? የከተማው ሰው አይቶ "ገጠር ውስጥ ምን ዓይነት ነገር አለ!" ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ቤቱ ያለችውን የ13 ዓመት ሠራተኛ ግን ሻይ አምጪ ይላታል። እሷን ማንም ፊልም አድርጎ አላሳየውማ። በዚህ በኩል ሬዲዮ ሲኒማን ይበልጠዋል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ይተላለፍ የነበረው "የቀን ቅኝት" ድራማ 257 ክፍል ነበረው። ሰው እያረሰ፣ እየፈተለ፣ እያበሰለ ሰምቶታል። ቀይ ምንጣፍ አልነበረውም።

የባሰው ደግሞ ጊዜው ነው። ፊልም የሰውን ልብ ሲያሞቅ የሚቀጥለው ጥያቄ "የት ልሂድ?" ነው። ልጄ ተደፈረች፣ የጎረቤቴ ልጅ ተጠለፈች፣ ማንን ላናግር? በፊልሙ ውስጥ መልሱ ግልጽ ነው፤ አንድነት የተባለ የጠበቆች ማኅበር ትሄዳለህ። ከፊልሙ ውጭ ግን በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የእውነተኛው ማኅበር አብዛኛው ገንዘብ ከውጭ ነበር። ሠራተኛ ቀነሰ፣ ሥራው ጠበበ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። ስለዚህ እግዱ ተነሥቶ ለፊልሙ የተሰለፈው ሰው አንድ ማኅበር ልጅ ሲያድን አየ፤ ማኅበሩ ራሱ ግን ያኔ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ይህን በፊልሙ ላይ አላላክክም። ግንዛቤ የሚባለው ነገር ግን የሚያንኳኳው በር ካላገኘ ወዴት ይሄዳል? ሰውየው ተናዶ ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እዚህ ደረስኩ። የዚችን ሴት ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ አልጠራሁም። ፊልሙም አልጠራትም፤ ሒሩት ነው ያላት። እግዱ ዜና ሲሆን ግን ስሟ ከነአባቷ ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ፣ ከዕድሜዋ ጋር፣ በልጅነቷ ከደረሰባት ጋር። ታሪኬን ያለፈቃዴ ሠራችሁት ለማለት መጀመሪያ "ያቺ ልጅ እኔ ነኝ" ማለት ነበረባት።